ጦሩን የመለሰው ዘማሪ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ይህን የምጽፈው መምህር ሆኜ አይደለም። በሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር ክፍል ከበሮ እመታለሁ፤ ዕድሜዬም ከብዙዎቻችሁ ያንሳል። ነገር ግን በዘንድሮው የቅዱስ ያሬድ በዓል ዋዜማ፣ ግንቦት 10 ማታ፣ የገጠመኝን ነገር ዋጥ አድርጎ ማለፍ አልሆነልኝም።

ከጥናት ተመልሼ ስልኬን ስከፍት አንድ ሰው የላከልኝ ቪዲዮ አገኘሁ። የታጠቁ ሰዎች በሰልፍ ያልፋሉ፤ ቀጥሎ የተቃጠለ ቤት፣ ቀጥሎ መሬት ላይ የወደቁ ሰዎች። ከሥሩ “እግዚአብሔር ጠላታችንን በእጃችን አሳልፎ ሰጠን” ተብሎ ተጽፏል። ከምስሉ ጋር መዝሙር ይሰማል። የወደቁት “የእነዚያ” ወገን ናቸው። እውነቱን ለመናገር፣ እያየሁ ደስ አለኝ፤ ለሁለት ጓደኞቼም ላክሁት። ለሦስተኛው ልልክ ስል ነው የደነገጥሁት። በመዝሙሩ ሁለተኛ አንጓ ላይ ከበሮው በአንዲት ምት ዘግይቶ ገባ። ያችን ምት አውቃታለሁ። አምና ድምፅ እንዳያስተጋባ ብለን ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ በሰቀልንባት ጠባብ ክፍል ስንቀረጽ፣ እጄን ላብ አጥምቆት የሳትኋት ምት ናት። በሬሳ ላይ ይዘምሩ የነበሩት የእኛ መዘምራን ነበሩ። ከበሮውን የሚመታው እጅም የእኔው ነበር።

ማን ቆርጦ እንደለጠፈው አላውቅም፤ ለማወቅም ብዙ አልደከምሁም። ያሳመመኝ ስርቆቱ አይደለም፤ መዝሙሩ ከምስሉ ጋር ልክክ ማለቱ ነው። ደግሜ ደጋግሜ አየሁት፤ አንድ ቦታ ላይ ይጋጫል፣ መዝሙሩ ይህን ሥራ እምቢ ይላል ብዬ ጠበቅሁ። አልተጋጨም። ግጥሙ “ጠላት ወደቀ” ይላል። ስንዘምረው ጠላት የምንለው ዲያብሎስን እንደሆነ ሁላችንም ተምረናል፤ “መጋደላችን ከደምና ከሥጋ ጋር አይደለምና” የሚለውንም በቃላችን እናውቀዋለን። ነገር ግን ላለፉት ዓመታት በጥናት ሰዓት፣ ያን ቃል ስናነሣ እያንዳንዳችን በልባችን የማንን ፊት እንሥል ነበር? እኔ የሣልሁትን አውቃለሁ። ቪዲዮውን ያቀናበረው ሰው በልቤ የነበረውን ምስል አወጣው እንጂ አዲስ ነገር አልጨመረም።

ከበሮ ስንጀምር ምን እንደተማርን አስታውሱ። ሰፊው አፍ የመለኮቱ፣ ጠባቡ አፍ የትስብእቱ፣ ማለትም ሰው የመሆኑ፣ ምሳሌ ነው። የሚለብሰው ጨርቅ ሊዘብቱበት ያለበሱት ልብስ ነው። በላዩ የተጠላለፈው ጠፍር ደግሞ በጌታችን ጀርባ ላይ የወጣው የግርፋት ሰንበር ነው። እኔ ይህን ትምህርት ለፈተና አጥንቼው ነበር፤ መልሴም ትክክል ነበር። በዚያች ሌሊት ግን ከበሮ የሚመታ ሰው ከተገረፈ ጀርባ አጠገብ ቆሞ እንደሚዘምር ገባኝ። በወደቀ ሰው ላይ እየፈነደቀ ሲመታው ደግሞ የቆመው ከጅራፍ ያዦቹ ጎን ነው።

እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ መጽሐፈ ሳሙኤልን ከፈትሁ። ዳዊትን ከሕፃንነቴ ጀምሮ እወደዋለሁ፤ ዘማሪ ሁሉ ይወደዋል። የዚያን ሌሊት ግን ዓይኔን የያዘው ሌላ ነገር ነው፤ ጦሩ።

ታሪኩ በዘፈን ይጀምራል። ዳዊት ጎልያድን ጥሎ ሲመለስ የእስራኤል ሴቶች ከበሮ ይዘው እልል እያሉ ወጡ፤ “ሳኦል ሺህ፣ ዳዊትም እልፍ ገደለ” እያሉም ዘመሩ (1ኛ ሳሙ. 18፥7)። ዳዊት በዚያ ሸለቆ ፊት ለፊት የጣለው አንድ ጎልያድን ነበር፤ ዘፈኑ ግን እልፍ አደረሰው። ፉከራ እንዲህ ነው፤ ሬሳ ይቆጥራል፣ ሲቆጥርም ያበዛል። (ፉከራን መናቄ አይደለም። ሽለላና ቀረርቶ የራሳቸው ቦታና የራሳቸው ባለሙያ አላቸው፤ የሚያስፈራኝ መዝሙር ስሙን ሳይቀይር ቀረርቶ ሲሆን ነው።) ከዚያ ቀን ጀምሮ ንጉሡ ሳኦል ዳዊትን በክፉ ዓይን ተመለከተው። በነጋታው ዳዊት እንደ ወትሮው በገና ሲደረድር፣ ሳኦል በእጁ የነበረውን ጦር ወረወረበት። ከግድግዳው ጋር ሊያጣብቀው ነበር። ዳዊት ሁለት ጊዜ ዘወር ብሎ አመለጠ።

ጦርና ዘማሪ የተገናኙበት ሌላ ታሪክ አለን፤ በየዓመቱ ግንቦት 11 ቀን በስንክሳር የሚነበብልን። ቅዱስ ያሬድ ሲዘምር ንጉሥ ገብረ መስቀል ከዜማው ጣዕም የተነሣ ራሱን ረስቶ በያሬድ እግር አጠገብ ቆመ፤ በእጁ የያዘውን ጦርም በማኅሌታዩ እግር ላይ ተከለው። ደም ፈሰሰ። ዜማው እስኪያልቅ ድረስ አንዳቸውም አላወቁም። ይህን ታሪክ ስንሰማ ሁልጊዜ የምናደንቀው ተመስጦውን ነው፤ ይደነቃልም። እኔ ግን ዘንድሮ ሁለቱን ጦሮች አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጬ አየኋቸው። ሳኦል ጠልቶ ወረወረ፤ ገብረ መስቀል ወድዶ ተደገፈ። ሁለቱም ብረት ናቸው። የሚጠላህ ባለ ሥልጣን ጦሩን ሲወረውርብህ ታየዋለህና ዘወር ትላለህ። የሚወድህ ግን መዝሙርህን እየሰማ፣ እያለቀሰም ጭምር፣ እግርህን ከመሬት ጋር ይሰፋዋል፤ አንተም በዜማው ተይዘህ አይሰማህም። አባቶች እንዲህ ተረጎሙት አልልም፤ የአንድ ከበሮ መቺ ማሰላሰል ነው፤ ስህተት ካለበት ያርሙኝ።

ያሬድስ ምን አደረገ? ንጉሡ ደንግጦ ስለ ፈሰሰው ደምህ የምትሻውን ለምነኝ አለው። ያሬድ አስቀድሞ እንዳይከለክለው አስማለው። ከዚያ የለመነው ሹመት አይደለም፣ ርስት አይደለም፤ ወደ ገዳም እንዲያሰናብተው ነው። የተወጋ እግር የጠየቀው መሄድን ነው። ንጉሡ ከመኳንንቱ ጋር አዘነ፣ ነገር ግን ምሏልና ለቀቀው፤ ያሬድም ወደ ሰሜን ተራሮች ሄደ። እኛ መዘምራን በየወገናችን የሚያጨበጭቡልን፣ የድምፅ ማጉያ የሚገዙልን፣ “የእኛ ልጆች” የሚሉን ሰዎች በበዙ ቁጥር እግራችንን ጎንበስ ብለን ብናይ ይበጀን ነበር።

አሁን አንዳንዶቻችሁ “ታዲያ ስለ አገር ጉዳይ ዝም እንበል ነው የምትለው?” ትሉኝ ይሆናል። አይደለም። ዝም በሉ ማለት ቀላል ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚለውም ነገሩ የተመቸው ሰው ነው። ነቢዩ አሞጽ “የዝማሬህን ጩኸት ከእኔ ዘንድ አርቅ” ያለው ፍርድ እንደ ውኃ ስላልፈሰሰ ነው (አሞ. 5፥23-24)። ዳዊትም ዝም አላለም። ሳኦል ሊገድለው ሲያሳድደው፣ ከተደበቀበት ዋሻ ደጅ ቆሞ ንጉሡን ፊት ለፊት ወቅሶታል፤ “እግዚአብሔር በእኔና በአንተ መካከል ይፍረድ፤ እጄ ግን በአንተ ላይ አትሆንም” ብሎታል (1ኛ ሳሙ. 24፥12)። ይህ ፖለቲካ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? በደልን በስሙ ጠርቷል፤ እጁን ግን ሰብስቧል።

ከሁሉ የምወደው ግን ምዕራፍ 26 ነው። ሌሊት ነው። ሳኦል በሰፈሩ መካከል ተኝቷል፤ ጦሩ በራስጌው መሬት ላይ ተተክሏል። ያው ጦር ይሁን ሌላ መጽሐፉ አይናገርም፤ እኔ ግን ያው ይመስለኛል። ዳዊትና ከተከታዮቹ አንዱ የሆነው አቢሳ ሾልከው ገቡ። አቢሳ ምን አለ? “ዛሬ እግዚአብሔር ጠላትህን በእጅህ አሳልፎ ሰጥቶታል።” ይህን ሳነብ መጽሐፉ ከእጄ ሊወድቅ ነበር፤ የቪዲዮው ጽሑፍ ማለት ይህ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ልውጋው፣ ሁለተኛ አልደግመውም ብሎም ለመነው። አቢሳ የእግዚአብሔርን ስም ይጠራል፣ ነገሩንም በመንፈሳዊ ቋንቋ አሳምሮ ያቀርባል። በየሰፈሩ አቢሳ አይጠፋም፤ ጥቅስም አይቸግረውም። ዳዊት ከለከለው። ጦሩንና የውኃውን መንቀል (መያዣ ዕቃ) ይዞ ወጣ፤ ተሻግሮ በተራራው ራስ ላይ ርቆ ቆመና ተጣራ፤ “የንጉሥ ጦር እነሆ፤ ከብላቴኖችም አንድ ይምጣና ይውሰዳት” አለ (1ኛ ሳሙ. 26፥22)።

ጦሩን መለሰ። አልሰበረውም፣ ለማስታወሻም አላስቀረውም። ደግሞም ሞኝ አልነበረም፤ ሳኦል “ልጄ ዳዊት፣ ተመለስ” ሲለው አልተመለሰም፤ መንገዱን ሄደ። ቂም አለመያዝ ማለት ጦር በተወረወረበት ግድግዳ ሥር ተመልሶ መቀመጥ አይደለም። ከእናንተ መካከል በእርግጥ የተበደላችሁ፣ ቤታችሁ የተቃጠለ፣ ሰው የቀበራችሁ አላችሁ። እርሱን ለመርሳት እንድትጣደፉ አልነግራችሁም፤ እንዲህ ብሎ ለማዘዝ እኔ ማን ነኝ? ዳዊትም ሥቃዩን አልረሳውም፤ መዝሙሩ ሁሉ በእርሱ የተሞላ ነው። እንባውን በአቁማዳ አድርግልኝ ብሎ የጸለየው እርሱ ነው። አልቅሱ፤ የሚሰማችሁ አምላክ አለ።

በመጨረሻ ሳኦል ከፍልስጥኤማውያን ጋር ሲዋጋ በጊልቦዓ ተራራ ወደቀ። አንድ አማሌቃዊ ዘውዱንና ቢተዋውን (የክንዱን አምባር) ይዞ እየሮጠ መጣ፤ የምሥራች የሚያስሸልም መስሎት ነበር። ፍጻሜው ግን ሞት ሆነ፤ በዚያ ላይ አልቆይም። ዳዊት ልብሱን ቀደደ፣ አለቀሰ፣ እስከ ማታም ጾመ። ከዚያ ዘማሪ ነውና ተቀኘ፤ “በጌት ውስጥ አታውሩ፤ በአስቀሎናም አደባባይ የምሥራች አትበሉ” (2ኛ ሳሙ. 1፥20)። ጌትና አስቀሎና በሞቱ የሚደሰቱት የፍልስጥኤማውያን ከተሞች ናቸው። ያችን ሁለት ጊዜ የተጫንኋትን የስልኬን ቁልፍ አሰብሁ። ጌት ሩቅ አይደለችም ለካ፤ በኪሳችን ይዘናት እንዞራለን።

በዚያ ቅኔ ውስጥ ስለተወረወረው ጦር አንድ ቃል የለም። ቁጥር የለም፤ ሺህ የለም፣ እልፍ የለም። “የእስራኤል ቈነጃጅት ሆይ፣ ለሳኦል አልቅሱለት” ይላል፤ ያኔ በከበሮ ሬሳ ይቆጥሩ የነበሩትን ሴቶች አሁን ወደ ለቅሶ ጠራቸው። ሌላም ነገር አለ፤ ብዙዎቻችን ዘልለነው እናልፋለን። ቅኔውን እንዲማሩት ያዘዘው የይሁዳን ልጆች ነው። ሳኦል ከነገደ ብንያም ነው፤ ይሁዳ ግን የዳዊት የራሱ ነገድ ነው። ለራሱ ነገድ፣ ሲያሳድደው ለኖረው ለሌላው ነገድ ንጉሥ የሚለቀስበትን መዝሙር አስጠና። የእኛ መዝሙር ክፍል በጥናት መርሐ ግብሩ ላይ እንዲህ ያለ መዝሙር ቢወጣለት ስንታችን እንመጣ ነበር? እኔ ምክንያት ፈልጌ የምቀር ይመስለኛል።

የያሬድ ልጆች ነን እንላለን። ያሬድ ከድጓው፣ ከጾመ ድጓው፣ ከዝማሬውና ከምዕራፉ ጋር መዋሥዕትን ትቶልናል፤ ለሙታን የሚደርስ መጽሐፍ ነው። ያን መጽሐፍ ገልጬ የማን ወገን ሲሞት ይደረስ የሚል ፈልጌ አላገኘሁም።

ከእኔ ጋር ከበሮ የሚመታ ወንድም ነበረን። እጁ ከእኔ ይሻላል። ቤተሰቦቹ “ከእነዚያ” ወገን ናቸው፤ ካለፈው ዐቢይ ጾም ጀምሮ ቀስ በቀስ ከጥናት ቀረ፤ እኛም ለምን ብለን አልጠየቅንም። ለሁለቱ ጓደኞቼ ጽፌ ቪዲዮውን እንዲያጠፉት ለመንኋቸው፤ አንዱ አጠፋው፣ አንዱ ሳቀብኝ። በበዓሉ ማግሥት ለዚያ ወንድም ደወልሁለት። እንዴት እንደምጀምር ስለጠፋኝ ስለ ማኅሌቱ አወራሁለት፤ ማን እንደመራ፣ ስንት ሰዓት እንደወጣን። ዝም ብሎ ሰማኝ። በመጨረሻ አንድ ቪዲዮ እንዳለ፣ መዝሙሩም የእኛ እንደሆነ ልነግረው ጀመርሁ።

“አይቼዋለሁ” አለኝ። “ሁለተኛው አንጓ ላይ ከበሮህ ዘግይቷል። ያን ቀን ነግሬህ ነበር፤ እንደገና እንቅረጸው ብዬህ ነበር።”

የመዝሙር ልብሱ እስከ ዛሬ ድረስ በቁም ሣጥኑ ውስጥ ከእኔው ጎን ተሰቅሏል። ቅዳሜ ከጥናት በፊት እቤቱ እሄዳለሁ ብዬዋለሁ፤ ና አላለኝም፣ አትምጣም አላለኝም።