ሞተር የሌለው አውሮፕላን በተራሮች መካከል፦ ጣና ዳር የምሰማቸው የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

በደቡብ ፈረንሳይ፣ በአልፕስ ተራሮች ግርጌ ባለ አንድ የግላይደር ማዕከል ሁለት ወቅት በሜዳ ረዳትነት ሠርቻለሁ። ግላይደር ክንፈ ረጅም፣ ሞተር አልባ አውሮፕላን ነው። ባሕር ዳር ተመልሼ ሐይቁ ዳር ቡና እየጠጣን ይህን ባነሳሁ ቁጥር የሚገጥሙኝ አስተያየቶች ያው ናቸው። ነገሩን ከልቤ ስለምወደው አንድ በአንድ ልመልስ።

«ነፋስ ከቆመ ይወድቃል»

አይወድቅም። ግላይደርን ወደፊት የሚያስኬደው ነፋስ ሳይሆን የራሱ ክብደት ነው። ከተማችን ብስክሌት ያውቃልና፣ ቁልቁለት ላይ ፔዳል ሳይመቱ መሄድን አስቡት። የተለመደ የሥልጠና ግላይደር 1 ሜትር ሲወርድ 30 ሜትር ያህል ወደፊት ይጓዛል። ከባሕር ዳር በላይ 1,000 ሜትር ላይ ቢሆንና አየሩ ጸጥ ቢል ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ድረስ ይደርሳል።

ታዲያ ሁልጊዜ የሚወርድ ከሆነ ለሰዓታት እንዴት አየር ላይ ይቆያል? መልሱን ፔሊካኖቹ ያሳዩናል። በማለዳ ውሃው ላይ ናቸው። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ መሬቱ ሲሞቅ ወደ የብሱ ጠጋ ብለው ክንፋቸውን ዘርግተው መዞር ይጀምራሉ። አንዴም ሳያርገበግቡ፣ ሲዞሩ ፀሐይ እያበራባቸው፣ ነጥብ እስኪያህሉ ይወጣሉ። የሚያወጣቸው ከሞቀው መሬት የሚነሳ አየር ነው። በሰከንድ 1 ሜትር የሚወርድ ግላይደር በሰከንድ 3 ሜትር በሚወጣ አየር ውስጥ ቢዞር፣ በሰከንድ 2 ሜትር ይወጣል። ሂሳቡ ይኸው ነው።

«ከገደል እየዘለሉ ነው የሚነሱት»

ይህ ከፓራግላይደር፣ ማለትም ሰው ተንጠልጥሎበት ከሚበርበት የጨርቅ ክንፍ፣ ጋር መደባለቅ ነው። ግላይደር የሚነሳው ከሜዳ ነው፤ ወይ መሬት ላይ ባለ ገመድ ጠምጣሚ ሞተር (ዊንች) ተስቦ፣ ወይ ሞተር ባለው አውሮፕላን ተጎትቶ። የእኔ ሥራ ክንፉን ይዞ መሮጥ ነበር። ዋናው ጎማ ከሆዱ ሥር ያለው አንዱ ብቻ ስለሆነ፣ ሲቆም አንደኛው ክንፉ መሬት ላይ ያርፋል። ገመዱ ሣሩ ላይ ቀስ እያለ ይወጠራል፤ የክንፉን ጫፍ ደገፍ አድርገህ ጥቂት እርምጃ ትሮጣለህ፤ ወዲያው ክንፉ አየሩን ይይዝና ከእጅህ ያመልጣል። ያን ስሜት ጣቶቼ እስካሁን አልረሱትም።

«እነሱ ዘንድ ሐምሌና ነሐሴ ከሆነ፣ ለእኛም ክረምት ይስማማል»

ብዙ ጊዜ የሚያሳስተው ይህ ነው። የፈረንጅ «ሰመር» በወር ቁጥር ከእኛ ክረምት ጋር ስለሚገጥም ብዙዎቻችን «ክረምት» ብለን እንተረጉመዋለን። ሰማዩ ግን ፍጹም ሌላ ነው። በደቡብ አልፕስ በሐምሌ ቀኑ ረጅም፣ መሬቱ ደረቅ ነው፤ ፀሐይ በጠዋት ምሥራቅ ገጽ ያላቸውን ገደላ ገደሎች፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የምዕራቦቹን ታሞቃለች፤ አብራሪውም ፀሐይዋን ተከትሎ ከተራራ ተራራ ይዘዋወራል።

የእኛ ሐምሌ ደመና የጋረደው፣ መሬቱም ውሃ የጠገበ ነው። የምትገኘው ጥቂት ፀሐይ እንኳ አፈሩን ከማሞቅ ይልቅ እርጥበቱን በማትነን ታልቃለች። ከሰዓት በኋላ የሚገነባው ጥቁር ደመናም ወጀብ፣ መብረቅና በረዶ ያዘለ ነው፤ ወደ ላይ የሚስበው አየር ብርቱ ቢሆንም ከሥሩ የሚወርደው ደግሞ ወደ መሬት ይደፍቃል። ለእነሱ «ሰመር» የሚቀርበው የእኛ በጋ ነው። ሐይቁ ራሱም ቀን ላይ የሚወጣ አየር አይሰጥም፤ ውሃ ቶሎ አይሞቅምና። እንዲያውም ቀዝቃዛ ነፋሱን ወደ ዳርቻው ይልካል። አሞራና ፔሊካን ከፍታ ፍለጋ ወደ የብስ የሚወጡት ለዚህ ነው።

«ሰማይ ሰፊ ነው፤ ቢበዙስ ምን አለበት?»

ሰማዩ ሰፊ ነው፤ የሚወጣው አየር ግን ጠባብ ነው። ሥራ በሚበዛበት ወቅት ጠዋት ስለ አየሩ ሁኔታ ገለጻ ይሰጣል፤ ከዚያ ግላይደሮቹ ተሰልፈው ተራ በተራ ይነሳሉ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሁሉም ያችኑ ተዳፋት ፍለጋ ይሄዳሉ። ስለዚህ ሕጉ ጥብቅ ነው። ሁለት ግላይደሮች ተዳፋት ዳር ፊት ለፊት ቢገናኙ፣ ተራራው በስተግራው የሆነው መንገድ ይለቃል፤ ተራራው በስተቀኙ የሆነው ወደ ቀኝ መሸሻ የለውምና። ሲዞሩ ሁልጊዜ ከተራራው ርቀው እንጂ ወደ ተራራው አይዞሩም። በሚወጣ አየር ውስጥ ቀድሞ የገባው በየትኛውም አቅጣጫ ቢዞር፣ ኋላ የሚመጣውም በዚያው ይዞራል። የግጭት ማስጠንቀቂያ መሣሪያ ቢኖርም አሰልጣኞች ቀኑን ሙሉ የሚጮኹት «ውጭ ውጭውን እይ!» እያሉ ነው።

«ከፍ ባለ ቁጥር አደጋው ይብሳል»

ተቃራኒው ነው። ከፍታ ስንቅ ነው፤ የሚያሰጋው ድንጋዩ አጠገብ ቀስ ብሎ መብረር ነው። እርግጥ አየሩ እየሳሳ ሲሄድ ኦክስጅን ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2018 ፐርላን 2 የተባለ ግላይደር በአርጀንቲና ተራሮች ላይ ከ22,000 ሜትር በላይ ወጥቷል፤ የመንገደኞች አውሮፕላን ከሚበርበት እጥፍ ገደማ ነው።

«ሜዳው ካልደረሰ አለቀለት»

አየሩ ሲከዳ ማሳ ላይ ማረፍ የሥልጠናው አንዱ ክፍል ነው። አብራሪው ገና ከፍታ ላይ ሳለ ማሳውን ይመርጣል፦ ተዳፋቱን፣ የሰብሉን ቁመት፣ የነፋሱን አቅጣጫ ያያል። የኤሌክትሪክ ሽቦ ከላይ ስለማይታይ ምሰሶዎቹን ይፈልጋል። ካረፈ በኋላ ጓደኞቹ ተጎታች ይዘው ይመጣሉ፤ ክንፉን ነቅለው ይጭኑታል።

ይህን ስናገር አንዱ ጓደኛዬ «እኛ ፎገራን የመሰለ ሜዳ አለን» አለኝ። ከላይ ሲታይ እውነትም እንደ ጠረጴዛ ነው። ነሐሴ ላይ ግን አረንጓዴው የሩዝ ማሳ ነው፤ ከሥሩም ውሃ ቋጥሯል፤ ጎማው እንደነካው ይሰምጣል። ሩዙ ታጭዶ አፈሩ ሲደርቅ፣ ጥር ላይ፣ ያው ሜዳ ሌላ ነው።