ካልሲየም ፕሮፒዮኔት፦ የዳቦ ጠባቂ

ካልሲየም ፕሮፒዮኔት ሻጋታን ለመከላከል ምግብ ውስጥ የሚጨመር ነጭ ጨው ነው። የሚሠራው ከፕሮፒዮኒክ አሲድና ከካልሲየም ነው። በታሸገ ዳቦ ላስቲክ ላይ ብዙ ጊዜ «ኢ282» ተብሎ ይጻፋል።

አሲዱን «የመጀመሪያ ስብ» ከሚል የግሪክ ቃል ተነስቶ በ1847 እ.ኤ.አ. የሰየመው ፈረንሳዊው ኬሚስት ዣን ባፕቲስት ዱማ ነው። የስዊስ አይብን ቀዳዳ በቀዳዳ የሚያደርጉት ባክቴሪያዎችም ይህንኑ አሲድ ያመርታሉ።

ዋናው ቤቱ ግን ዳቦ ነው። ዳቦ ከምድጃ ሲወጣ ሻጋታ የለበትም፤ ሙቀቱ ይፈጀዋል። ጣጣው የሚመጣው ሲቀዘቅዝና ሲቆረጥ ነው። የሻጋታ ዘር ከአየርና ከቢላዋ ያርፍበታል። ሊጡ ላይ የተጨመረው ፕሮፒዮኔት ያኔ ሥራውን ይጀምራል። አሲዱ ሻጋታው ህዋስ ውስጥ ገብቶ ያኮመጥጠዋል። ህዋሱም አሲዱን ለማስወጣት ሲታገል ጉልበቱ ያልቅና ማደግ ያቅተዋል።

ትልቁ ጸጋው እርሾውን ብዙም አለመንካቱ ነው። ሶርቤት የተባለው ሌላው የሻጋታ መከላከያ ሻጋታ ላይ ይበረታል፤ ሊጥ ውስጥ ሲገባ ግን እርሾውንም ያደክማል። ለአንድ ኩንታል ዱቄት ከ100 እስከ 400 ግራም ፕሮፒዮኔት ይበቃል። ሲበዛ ጣዕሙ ይታወቃል። በቤኪንግ ፓውደር ለሚነፋ ኬክ ደግሞ የሶዲየሙ ዓይነት ይመረጣል፤ ካልሲየሙ መነፋቱን ያውካል።

ሌላም ውለታ አለው። አንዳንድ የባክቴሪያ ዘሮች የምድጃን ሙቀት ይቋቋማሉ። እነሱ ያበላሹት ዳቦ ሲከፈት ልቡ ይዝለገለጋል፣ እንደ ክር ይሳባል፣ ከልክ በላይ የበሰለ ፍሬ ይሸታል። ፕሮፒዮኔት ይህንንም ያግዳል።

ስለ ደህንነቱ ክርክር አለ። በ2002 እ.ኤ.አ. በአውስትራሊያ 27 ልጆች ላይ የተደረገ ጥናት፣ አንዳንድ ልጆችን ሊያነጫንጭና እንቅልፍ ሊነሳ እንደሚችል ጠቁሟል። ጥናቱ ግን ትንሽ ነው። የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን በ2014 እ.ኤ.አ. መርምሮ በተፈቀደው መጠን ስጋት እንደሌለው ደምድሟል።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ እንጀራ ያለ ማቀዝቀዣ ከሦስት አራት ቀን አያልፍም። እናቶቻችን መላ አላጡም፤ ድርቆሽ አድርገውታል። የአገራችን ተመራማሪዎችም ፕሮፒዮኔትን እንጀራ ላይ ሞክረውታል። እንጀራ ኮምጣጣ መሆኑ ያግዛል፤ አሲዱ የሚበረታው በኮምጣጣ ምግብ ነው። ሊጡ ቦክቶ ካለቀ በኋላ፣ ምጣድ ላይ ከመፍሰሱ በፊት ቢጨመር ይመቻል። ትኩሱን እንጀራ ላስቲክ ውስጥ ከከተቱት ግን እንፋሎቱ ጠብታ ሆኖ ይመለስበታል። ጠርዙ ረጥቦ ነጭ ነጥብ ማውጣት ሲጀምር ፕሮፒዮኔቱም አያድነውም።