የእሳት ኢንሹራንስ ለጎርፍ ይከፍላል?

ጥያቄው ስለተደጋገመ ልንገራችሁ። «ሱቄ ኢንሹራንስ አለው» ማለት «ለጎርፍም አለው» ማለት አይደለም። መደበኛው የእሳት ውል የሚሸፍነው እሳትና መብረቅን ነው። ጎርፍ የሚገባው ተጨማሪ አረቦን (የኢንሹራንስ ክፍያ) ከፍላችሁ ውሉ ላይ በስሙ ሲጻፍ ነው።

እንበል ድሬዳዋ፣ ደቻቱ ወንዝ ዳር ጨርቅ ትሸጣላችሁ። ሌሊት ውሃ ገብቶ ጣቃው ሁሉ ጭቃ ጠጣ። ውሉ ላይ «ጎርፍ» የሚል ካልተጻፈ ካሳ የለም። ቤቱ ብቻ ተጽፎ ከሆነም ለጨርቁ አይከፈልም።

«ድሬ ካልዘነበ ምን ያሰጋል?» የምትሉ አላችሁ። ደቻቱ እኮ ደረቅ አሸዋ ሆኖ ከርሞ፣ ደንገጎ በኩል ደጋው ላይ ሲዘንብ ነው የሚመጣው። ሐምሌ 1998 በሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደብን።

ዋጋውና ከጉዳቱ እናንተ የምትሸከሙት ድርሻ ከኩባንያ ኩባንያ ይለያያል። ክረምት ሳይገባ ጠይቁ።