ላኩዊላ፦ 99 ቁጥር የማይለቃት የተራራ ከተማ

ከሮም ወደ ምሥራቅ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ብትነዱ፣ አብሩዞ በሚባለው ክልል ተራሮች መሃል ላኩዊላን ታገኛላችሁ። ስሟ "ንስር" ማለት ነው። ከፍታዋ 700 ሜትር አካባቢ ነው፤ ለእኛ ለደጋ ሰዎች ይሄ ከፍታ ተብሎ አይወራም። ግን ጥር ላይ በረዶ ይከመርባታል፣ ከጀርባዋም 2,912 ሜትር የሚደርሰው ግራን ሳሶ ተገትሯል።

የተቆረቆረችው በ13ኛው ክፍለ ዘመን ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ነዋሪው እንደሚያወራው 99 መንደሮች ተባብረው ሠሯት፤ እያንዳንዱም የራሱን አደባባይ፣ ቤተ ክርስቲያንና ምንጭ ይዞ ገባ። እውነቱን ለመናገር መንደሮቹ ከዚያ ያንሱ ነበር፤ ቁጥሩ ግን ተጣብቆ ቀረ። ከ1272 ጀምሮ የተሠራውና 99 አፎች ያሉት ምንጭ ዛሬም ይፈሳል። ውሃው ከድንጋይ ፊቶች አፍ ይወጣል፤ የሰው አለ፣ የእንስሳ አለ፣ አንዳንዱም ምን እንደሆነ አይለይም።

ትልቁ ታሪኳ ግን የአንድ ባሕታዊ ነው። ፒዬትሮ የሚባሉት እኚህ አዛውንት በገዳማቸው ሳሉ ሳያስቡት የሮማ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሆነው ተመረጡ፤ በኦገስት 29 ቀን 1294 ኮሌማጆ በሚባለው ቤተ ክርስቲያን ቼለስቲኖ አምስተኛ ተብለው ዘውድ ጫኑ። በዚያ ቀን ንስሐ ገብቶ የመጣ ሁሉ፣ ሀብታም ይሁን ድሃ፣ ያለ ክፍያ ይቅርታ ያግኝ ብለው አወጁ። በዲሴምበር ደግሞ በቃኝ ብለው ሥልጣኑን ተዉት! የይቅርታው በዓል ግን በየዓመቱ ይከበራል፣ ዩኔስኮም በ2019 መዝግቦታል።

መሬቷ አርፎ አያውቅም። የ1703ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ሺዎችን ፈጀ፤ የከተማዋ መለያ ቀለም ጥቁርና አረንጓዴ የሆነው ከዚያ በኋላ ነው፣ ጥቁሩ ለሐዘን፣ አረንጓዴው ለተስፋ። ኤፕሪል 6 ቀን 2009 ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ32 ደቂቃ ላይ ሌላው መጣ። 309 ሰው ሞተ፣ አሮጌው ከተማ ለዓመታት በአጥርና በክሬን ተከቦ ቀረ። በዚያው ዓመት ጁላይ የቡድን 8 መሪዎች እዚያው ተሰበሰቡ፤ መለስ ዜናዊም ነበሩ።

ሌላም የሚያገናኘን ነገር አለ። አገራችንን የወረረው ሙሶሊኒ ከሥልጣን ወርዶ የታሰረው ግራን ሳሶ ላይ ባለ ሆቴል ነበር፤ የጀርመን ወታደሮች በሴፕቴምበር 1943 አውጥተው ወሰዱት።

ከከተማዋ ራቅ ብሎ ናቬሊ የሚባል ሜዳ ላይ ሳፍሮን የሚባል ቅመም ይመረታል (እርድ አይደለም፣ እሱ ሌላ ነው)። ሐምራዊው አበባ ኦክቶበር ላይ ፀሐይ ሳትወጣና ሳይፈነዳ ይለቀማል፤ ከዚያ ቤተሰቡ ጠረጴዛ ከቦ ቀያዮቹን ክሮች አንድ በአንድ ይነቅላል።