«መንግስት እየጦራቸው ነው»፦ ስለ ጡረታ በስህተት የምናወራቸው ነገሮች

እዚህ ሀዋሳ ሻይ ቤትም ይሁን እድር ላይ የጡረታ ወሬ ከተነሳ ሁሌ የምትመጣ አባባል አለች፣ «መንግስት እየጦራቸው ነው» የምትል። ጭማሪ ሲደረግም «ተሰጣቸው» ነው የሚባለው። ይቺ አነጋገር ሰራተኛው በገዛ ገንዘቡ ላይ ለማኝ እንደሆነ እንዲሰማው ታደርጋለች፣ እንደዛ የተሰማው ሰው ደሞ አይጠይቅም፣ አሰሪው ገንዘቡን ባያስገባለት እንኳ የሚያውቀው ጡረታ ሊወጣ ሲል ነው። ስለዚ በደንብ እናውራው።

«ጡረታ የመንግስት ድጎማ ነው»

አይደለም። የግል ድርጅት ሰራተኛ ከሆናችሁ በአዋጅ 1268/2014 መሰረት በየወሩ ከደሞዛችሁ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ አሰሪው 11 በመቶ ይጨምርበታል። ደሞዝ 8,000 ብር ቢሆን 560 ከሰራተኛው 880 ከድርጅቱ፣ በወር 1,440 ብር ማለት ነው። የመንግስት ሰራተኛም በአዋጅ 1267/2014 ያው 7 እና 11 ነው፣ ወታደርና ፖሊስ ላይ ብቻ የመንግስት ድርሻ ከፍ ይላል። አዲስ ነገርም አይደለም፣ በ1955 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ራሱ ከሰራተኛው 4 ከመንግስት 6 በመቶ እያለ ነው የጀመረው፣ በጃንሆይ ጊዜም የመንግስት ሰራተኛው ከደሞዙ ይከፍል ነበር።

እንደውም ስለ ድጎማ ካወራን ለብዙ አመት የነበረው ነገር የተገላቢጦሽ ነው። የጡረታ ፈንዱ የመንግስትን የግምጃ ቤት ሰነድ በዋናነት ሲገዛ የኖረ ነው፣ ማለትም መንግስት የበጀት ጉድለቱን ሲሸፍን ከጡረተኛው ገንዘብ ይበደር ነበር፣ እስከ 2012ቱ የሰነዱ ገበያ ማሻሻያ ድረስ ደሞ ወለዱ ከዋጋ ንረቱ በጣም ያነሰ ነበር። ጤፍና ዘይት በየአመቱ እየጨመረ የሰራተኛው ገንዘብ እዛ ተቀምጦ አቅሙ ሲያልቅ ነበር ማለት ነው። ይሄን እያወቅኩ ሰላሳ አመት ያስተማሩ አባት ባንክ ተሰልፈው ሲታዩ «መንግስት ይጦራቸዋል» ሲባል ስሰማ በጣም ነው የማዝነው።

«11 በመቶው የአሰሪው ቸርነት ነው፣ 7ቱ ከተቆረጠ ደሞ በቃ ገብቷል»

ሁለቱም ስህተት ነው፣ ብዙ ሰው የሚጎዳውም እዚህ ጋ ነው። አሰሪ ሰው ሲቀጥር 11 በመቶዋን የሰራተኛ ወጪ ብሎ አስልቶ ነው የሚቀጥረው፣ ህግ የጣለበት ግዴታ ነው፣ የናንተ የስራ ዋጋ አካል ነው።

መቆረጥና መግባት ግን በጣም የተለያየ ነገር ነው። ታቦር አካባቢ የምትኖር አንዲት ጎረቤቴ ፔይስሊፗን አምጥታ አሳየችኝ፣ ደሞዝ 3,000፣ ከስሩ «ጡረታ 210» ይላል፣ ወር በወር፣ አንድም አልተዘለለም። የጡረታ መለያ ቁጥርሽ ስንት ነው ስላት ምንድነው እሱ አለችኝ። ሄዳ ስታጣራ ለብዙ ወራት የተቆረጠባት ገንዘብ አልገባም። የት እንደምትሰራ መናገር አያስፈልግም፣ እንደዚ የሚያደርግ አሰሪ አንድ ብቻ አይደለምና። ህጉ ግን እዚህ ላይ ከሰራተኛው ጎን ነው፣ ቆርጦ የማስገባት ሀላፊነቱ የአሰሪው ነው፣ ሳይቆርጥ ከቀረም የሰራተኛውን ድርሻ ጭምር ከራሱ ኪስ ይከፍላል፣ ያላስገባውን ደሞ ከነቅጣቱ ነው የሚጠየቀው። ስለዚ የግል ድርጅት ሰራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና መስሪያ ቤት ጋ ሄዶ «በስሜ ምን ገብቷል» ብሎ መጠየቅ ማስቸገር አይደለም፣ ፔይስሊፑን ይዛችሁ ሂዱ።

ሌላ ደሞ አለ፣ ኮንትራቱ ላይ ደሞዙን አሳንሶ ቀሪውን የቤት፣ የትራንስፖርት ምናምን እያሉ በአበል መክፈል። እጅ ላይ የሚደርሰው ብር ስለማይቀንስ ብዙ ሰው ደስ ብሎት ይፈርማል፣ ግን ጡረታው የሚሰላው በደሞዙ ነው፣ የዛሬ ሀያ አመት የሚመጣውን ጡረታ ዛሬ ነው የሚቀንሱላችሁ።

«ስራ ከቀየርኩ የድሮው ይቃጠላል»

ይሄን ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሰሩ ልጆች ናቸው በብዛት የሚሉኝ፣ ምክንያቱም እዛ ሰው ይገባል ይወጣል። አይቃጠልም። ከአንዱ ድርጅት ወደ ሌላው፣ ከግል ወደ መንግስትም ቢሆን የአገልግሎት ዘመኑ ይደመራል፣ መለያ ቁጥራችሁን ይዛችሁ ነው የምትሄዱት። ጡረታ ለማግኘት የሚጠየቀው አስር አመት አገልግሎትም በአንድ ቤት መሰራት የለበትም።

«እንደ ባንክ ቁጠባ ነው፣ የከፈልኩትን ቆጥሬ እወስዳለሁ»

ይሄኛው ስህተት ድጎማ ነው ከሚለው በተቃራኒ የሚመጣ ነው፣ መብቴ ነው የሚሉ ሰዎችም ይሳሳቱበታል። ጡረታ ኢንሹራንስ ነው፣ የሚመስለው እድርን ነው፣ እድር ላይ የከፈለውን ቆጥሮ የሚወስድ የለም፣ ግን ማንም ሄዶ «እድሩ ቸር ሆኖ ቀበራችሁ» አይልም። ስሌቱ ያለው በአገልግሎት ዘመንና በደሞዝ ነው። 60 አመት ሲሞላ 10 አመት ያገለገለ ሰው የመጨረሻዎቹን 3 አመታት አማካይ ደሞዝ 30 በመቶ ያገኛል፣ ከዛ በላይ ለሆነ ለእያንዳንዱ አመት 1.25 በመቶ ይጨመራል፣ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። 20 አመት የሰራ 42.5 በመቶ ማለት ነው፣ አማካዩ 8,000 ከነበረ 3,400 ብር። ረጅም እድሜ የኖረ ከከፈለው በላይ ይወስዳል፣ ቶሎ የሞተ ያንሰዋል፣ ኢንሹራንስ ስለሆነ ነው።

«አሜሪካኖቹ ራሳቸው ኢንታይትልመንት ነው የሚሉት፣ ማለትም የማይገባቸው ሰዎች የሚወስዱት»

ውጭ ዘመድ ያለው ሰው የነሱን የፖለቲካ ክርክር ሰምቶ እንደዚ ይለኛል። ሶሻል ሴኩሪቲ የሚሉት ጡረታቸው በ1935 እ.ኤ.አ. ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት በፈረሙት ህግ የመጣ ነው፣ ዛሬ ሰራተኛው 6.2 በመቶ አሰሪውም 6.2 በመቶ ይከፍላሉ። ኢንታይትልመንት የምትለዋ ቃል በህጉ ትርጉሟ መስፈርቱን ያሟላ ሰው የግድ ይከፈለዋል ማለት ብቻ ነው፣ በየአመቱ ኮንግረስ፣ ማለትም ፓርላማቸው፣ በጀት እስኪያጸድቅ አይጠብቅም። በኋላ ግን ወጪ እንቀንስ የሚሉ ፖለቲከኞች ደጋግመው ሲጠቀሙባት ያለ ስራው ይገባኛል የሚል ሰው ስም መሰለች፣ ሌሎቹ ደሞ «ሰርተን ያገኘነው ነው» እያሉ ይመልሳሉ። እኔ ከነዚህኞቹ ጋር ነኝ፣ ሰው ሲከፍልበት የኖረውን ነገር ምጽዋት አስመስሎ መጥራት ለመቁረጥ መንገድ መጥረግ ነው።

ግን ጥሩ ቃል ብቻውን ዋስትና አይሆንም። በ1960 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኔስተር ጉዳይ ላይ የወሰነው አለ። ሰውዬው 19 አመት ከፍሎ፣ ቀድሞ የኮሚኒስት ፓርቲ አባል ነበርክ ተብሎ ከሀገር ተባረረ፣ ጡረታውም ተቋረጠ፣ ፍርድ ቤቱም መክፈልህ የማይነካ የንብረት መብት አይሰጥህም፣ ኮንግረስ ህጉን መቀየር ይችላል አለ። እኛ ጋም የግል ሰራተኛውን ወደ ጡረታ ያስገባው የ2003ቱ አዋጅ በ2014ቱ ተተክቷል፣ ነገም ሊቀየር ይችላል፣ ያኔ ፓርላማ ውስጥ ሲወራ ስጦታ ተብሎ ነው የሚወራው ወይስ የሰራተኛ ገንዘብ ተብሎ፣ ይሄ ትልቅ ልዩነት ያመጣል።

«ሰውዬው ከሞተ አለቀ»

አላለቀም። ጡረታ ላይ የነበረ ወይም ለጡረታ የሚያበቃ አገልግሎት የነበረው ሰው ሲሞት ሚስት ወይም ባል የጡረታውን 50 በመቶ ያገኛሉ፣ ከ18 አመት በታች ያለ ልጅ ደሞ 20 በመቶ። ይሄን ባለማወቅ አመት ሁለት አመት ሳይጠይቁ የሚቆዩ አሉ፣ ሌሎች ደሞ ጠይቀው የጋብቻ ማስረጃ ወይ የልጅ የልደት ሰርተፍኬት ጠፍቶ ይመላለሳሉ። ሰውዬው በህይወት እያለ የቤተሰቡ ስም በፋይሉ ውስጥ በትክክል መመዝገቡን፣ የአባት ስም አጻጻፉ ከመታወቂያው ጋር አንድ መሆኑን እዩ፣ አንድ ፊደል ብትለያይ ራሱ ያስኬዳል ያስመልሳል።