«ኤስኪውኤል ሰርቨር ሜሞሪ በላ» እና ሌሎች የሰለቹኝ ወሬዎች

«ሰርቨሩ ሜሞሪውን ጨረሰው፣ 95 ፐርሰንት ደርሷል፣ ሪስታርት እናድርገው?» ዳታቤዝ ላይ የሚሠራ ሰው ይህን ሳይሰማ የሚያልፈው ሳምንት የለም። መልሴ አንድ ነው፦ ተዉት፣ አትንኩት።

ኤስኪውኤል ሰርቨር፣ ማለትም የማይክሮሶፍቱ የዳታቤዝ ፕሮግራም፣ ሜሞሪ (ራም) ይዞ የማይለቀው ታሞ አይደለም። የተሠራው እንደዚያ ነው። ዳታን ከዲስክ የሚያነበው 8 ኪሎባይት በሆኑ ገጾች ነው። ያነበበውን ገጽ ቡፈር ፑል በሚባለው የሜሞሪ ክፍል ያስቀምጠዋል። ሌላ ሰው ያንኑ ሲፈልግ ዲስክ ድረስ መሄድ ቀረ ማለት ነው። ሥራ በቀጠለ ቁጥር ሜሞሪው ይሞላል። ከሞላ በኋላም ዊንዶውስ ራሱ ጠበበኝ ካላለ አይመልስም። ምን ሊያደርግ ነው የሚመልሰው? ራሙን የገዛችሁት ባዶውን እንዲቀመጥ ነው እንዴ?

ይህን የምለው ሪስታርት ምን እንደሚያደርግ ስላየሁ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ሌሊት ሌሊት ሰርቪሱን አጥፍቶ የሚያስነሳ ስኬጁል ነበራቸው። ጠዋት 2:30 በር ሲከፈት ባለጉዳይ ተሰልፏል፣ መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ደግሞ «ሲስተም የለም» ትላለች። ሲስተሙማ አለ። ሜሞሪው ስለተራገፈ ሁሉንም ነገር እንደገና ከዲስክ እያነበበ ነው እንጂ። ረፋድ ላይ ሲሞቅ ይሻለዋል፤ ከሰዓት ያው ይንቀራፈፋል፤ ሌሊት ደግሞ ሪስታርት።

ከሁሉ የከፋው ማስረጃው አብሮ መጥፋቱ ነው። ሰርቨሩ ምን ሲጠብቅ ጊዜ እንዳጠፋ፣ የትኛው ኢንዴክስ (የፍለጋ ማውጫ) እንደጎደለው፣ የትኛው ኩዌሪ (ለዳታቤዙ የሚላክ ጥያቄ) ብዙ ገጽ እንዳነበበ ይመዘግባል። ሰርቪሱ ሲጠፋ ይህ ሁሉ ይሰረዛል። በየሌሊቱ ማስረጃ እያጠፉ በየጠዋቱ ምክንያት መፈለግ!

ስኬጁሉን አስቆምን። ጥቂት ቀን ቆይተን መዝገቡን ስናየው አንድ ኩዌሪ ከሁሉም በላይ ገጽ አንብቧል። በደንበኛ ቁጥር ደንበኛ የሚፈልግ፣ እዚህ ግባ የማይባል ኩዌሪ ነው። ኢንዴክስ አለው። ግን የደንበኛ ቁጥሩ ኮለም ቫርቻር ነው፣ አፕሊኬሽኑ የሚልከው ደግሞ ኤንቫርቻር። ሁለቱም የጽሑፍ ዓይነቶች ናቸው፤ ኤንቫርቻር የአማርኛ ፊደልንም የሚይዘው ነው። የአማርኛ ስም በኤንቫርቻር መቀመጡ ትክክል ነው፣ ካልሆነ ፊደሉ የጥያቄ ምልክት ይሆናል። ችግሩ አፕሊኬሽኑ የተጻፈበት ዶትኔት ዓይነቱን ካልነገራችሁት ጽሑፍ የሆነውን ሁሉ፣ የደንበኛ ቁጥሩንም ጭምር፣ በኤንቫርቻር መላኩ ነው። ሁለቱ ዓይነቶች ሲገናኙ የሚቀየረው ቫርቻሩ፣ ማለትም ኮለሙ ነው። በዚያ ዳታቤዝ ኮሌሽን (ፊደል የሚደረደርበትና የሚነጻጸርበት ደንብ) ደግሞ ይህ ማለት ኢንዴክሱን ከዳር እስከ ዳር መቃኘት ነው። አንድ ሰው ለማግኘት የሁሉንም ሰው ቁጥር እያነሱ መጣል። እናንተም ጋ ካለ ሰርቨሩ ኩዌሪውን እንዴት እንደሚሠራው የሚያሳየውን ኤክስኪውሽን ፕላን ክፈቱት፤ «ኮንቨርት ኢምፕሊሲት» የሚል ቃል፣ ብዙ ጊዜም ቢጫ ሦስት ማዕዘን ምልክት ታገኛላችሁ።

ኮዱ ላይ የፓራሜትሩ ዓይነት ተስተካከለ፣ የጠዋቱ ሰልፍ ቀለለ። ታስክ ማናጀር ላይ ያለው 95 ፐርሰንት ግን ንቅንቅ አላለም፤ ያው እንደሞላ ነው።

ሌሎቹ ወሬዎች ደግሞ እነሆ። «ራም ይጨመርበት»። መጀመሪያ ኤዲሽኑን እዩ። ኤክስፕረስ (በነፃ የሚሰጠው) ከሆነ፣ በ2019ም በ2022ም ቨርዥን፣ ለቡፈር ፑሉ ከ1410 ሜጋባይት በላይ አይጠቀምም። 64 ጊጋ ገዝቶ ኤክስፕረስ የሚጭን ሰው አለ፣ ስቄ አልጨረስኩም።

«ፔጅ ላይፍ ኤክስፔክታንሲ ከ300 ሰከንድ ከወረደ አደጋ ነው»። አንድ ገጽ ሜሞሪ ውስጥ ስንት ሰከንድ እንደሚቆይ የሚለካ ነው፤ 300 የሚለው ቁጥር ግን ሰርቨር ጥቂት ጊጋ ራም በነበረው ዘመን የወጣ ነው። የራሳችሁ ሰርቨር ከለመደው ድንገት ሲወርድ ነው መደንገጥ።

«ካሹን በየሳምንቱ ማጽዳት ጥሩ ነው»። ካሽ ማለት ያው ሜሞሪ ላይ የተቀመጠው ነው፤ ማጽዳቱም ያው ሪስታርቱ ነው፣ ስሙን ቀይሮ።

«ማክስ ሰርቨር ሜሞሪን ካልነኩት ራሱ ያስተካክላል»። ይህ ኤስኪውኤል ሰርቨር የሚይዘው ሜሞሪ ጣሪያ ነው፤ ሳይነካ ሲቀር ቁጥሩ 2147483647 ሜጋባይት ነው፣ ማለትም ገደብ የለውም። ያኔ ዊንዶውስ ሊታፈን ይችላል። ይህ ብቻ ነው «ሜሞሪ በላ» የሚለው ስሞታ እውነት የሚኖረው፣ እሱም የእናንተ ጥፋት ነው። ማይክሮሶፍት ራሱ የሚመክረው ሌሎች ፕሮግራሞች ከሚይዙት ከተረፈው 75 ፐርሰንቱን መስጠት ነው። አይአይኤስ (የዊንዶውስ ዌብ ሰርቨር)፣ አንቲቫይረስ፣ በሪሞት ገብቶ ክሮም ከፍቶ የረሳው ልጅም ይቆጠራል። 64 ጊጋ ያለውና ዳታቤዝ ብቻ የሚሠራበት ማሽን ከሆነ ከ48 ጀምሩ፣ ለዊንዶውስ የቀረውን ነፃ ሜሞሪ እያያችሁ ከፍ አድርጉ። መለኪያው ሜጋባይት ስለሆነ 49152 ብላችሁ ጻፉት። ወዲያው ሥራ ላይ ይውላል፣ ለዚህም ቢሆን ሪስታርት አያስፈልግም።