ጸጉራም ትንንሽ ውሾች በድሬዳዋ፦ የቤት ውስጥ አያያዝ

ለጥበቃ ሳይሆን ለጓደኝነት ተብለው በቤት ውስጥ የሚያድጉት ጸጉራም ትንንሽ ውሾች በርካታ ዝርያዎች አሏቸው። ማልቲዝ፣ ሺ ትሱ፣ ፔኪኒዝ፣ ፑድልና ፖሜራኒያን ይጠቀሳሉ፤ ከእነዚህ የተዳቀሉም አሉ። ማልቲዝ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 ኪሎ አይበልጥም፤ ሺ ትሱ እስከ 7 ኪሎ ይደርሳል። የሺ ትሱ ዘር ከቲቤትና ከቻይና፣ የፖሜራኒያን ደግሞ ከሰሜን አውሮፓ የብርድ አገር የመጣ ነው። ድሬዳዋ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቆላ ናት፤ በግንቦትና በሰኔ የቀኑ ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያልፋል። ስለዚህ በዚህች ከተማ እንዲህ ያለ ውሻ የሚያሳድግ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊያስብበት የሚገባው ሙቀቱን ነው።

ውሻ ከመዳፉ በቀር አያልበውም ማለት ይቻላል። ሰውነቱን የሚያቀዘቅዘው በማለክለክ ነው። እንደ ሺ ትሱና ፔኪኒዝ ያሉ አፍንጫቸው የተደፈጠጠ ውሾች የአየር መተላለፊያቸው ጠባብ ስለሆነ ማለክለኩ ራሱ ያደክማቸዋል። የጤነኛ ውሻ ሙቀት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ወደ 41 ሲጠጋ ሕይወቱ አደጋ ላይ ወድቋል። ምራቁ ይዝለገለጋል፣ ድዱ ደም ይመስላል፣ እግሩ ይወላከፋል፣ ያስመልሰዋል። በዚህ ጊዜ በጥላ ሥር አድርጎ ሆዱንና እግሮቹን በቀዝቃዛ ውኃ ማርጠብ፣ ማራገብ፣ ሳይዘገዩም ወደ እንስሳት ሐኪም መውሰድ ይገባል። በረዶ ውስጥ መንከር ግን አይመከርም።

መከላከሉ የቤቱን ሰው የቀን ውሎ ይለውጣል። ሽርሽሩ ከጠዋቱ 12 እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ካልሆነም ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ መሆን አለበት፤ ያም ቢሆን አስፋልቱ እስኪበርድ ጠብቆ ነው። የእጅን ጀርባ አስፋልቱ ላይ አሳርፎ ሰባት ሰከንድ ያህል መታገሥ ካልተቻለ የውሻው መዳፍም ይቃጠላል። በከተማዋ የከዚራ ሠፈር ያሉት ዛፎች ጥላ ለእግር ጉዞ የተመቸ ነው። እኩለ ቀን ላይ ውሻው ሆዱን የሊሾ ወለል ላይ ለጥፎ፣ የኋላ እግሮቹን ወደ ኋላ ዘርግቶ ሲተኛ ራሱን እያቀዘቀዘ ነው። ያሳዝናል ብሎ ከዚያ አንስቶ ምንጣፍ ላይ ማስተኛት ፍቅር ይመስላል እንጂ አይጠቅመውም። ቆርቆሮ ጣሪያ ባለው ቤት መብራት ጠፍቶ ማራገቢያው ሲቆም እርጥብ ፎጣ ወለሉ ላይ ማንጠፍ ይረዳል። በቆመ መኪና ውስጥ ለደቂቃም ቢሆን ዘግቶበት መሄድ አይገባም።

ሙቀቱን ፈርተው ጸጉሩን ሙልጭ አድርገው የሚላጩ አሉ። ለፖሜራኒያን ይህ ጉዳት ነው፤ ድርብ ጸጉሩ ከፀሐይ ይከላከልለታል፣ ከተላጨም በኋላ እንደ ቀድሞው ላይበቅል ይችላል። ማልቲዝ፣ ፑድልና ሺ ትሱ ግን ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ተትቶላቸው ቢከረከሙ ይቀላቸዋል። ማበጠሩ በየቀኑ፣ በተለይም ከጆሮ ጀርባና ከብብት ሥር መሆን አለበት። የተጠላለፈው ጸጉር መፈታት ያለበት ከመታጠቡ በፊት ነው፤ ከረጠበ ይጠብቃል። የድሬዳዋ ውኃ ከከርሰ ምድር የሚወጣ፣ ካልሲየም የበዛበት ስለሆነ ሳሙናው በቀላሉ አይለቅም፤ ደጋግሞ ማለቅለቅ ያስፈልጋል።

ከምግብ ሁሉ ትልቁ አደጋ ወጣችን ነው። ሽሮውም፣ ቀዩም፣ አልጫውም የሚሠራው በሽንኩርት ነው፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ጥሬም ሆኑ የተቁላሉ የውሻን ቀይ የደም ሕዋሳት ይሰብራሉ። ለትልቅ የግቢ ውሻ ብዙም የማይታወቀው የወጥ ትርፍራፊ ለ3 ኪሎ ውሻ በየቀኑ ሲሰጠው ደም ማነስ ያመጣበታል። ቸኮሌት፣ ዘቢብና የተቀቀለ የዶሮ አጥንትም ይከለከላሉ። ያለ ጨውና ያለ ሽንኩርት የተቀቀለ ሥጋ ከሩዝና ከካሮት ጋር ይስማማዋል፤ በከተማዋ የሚሸጠው የግመል ሥጋ ስቡ አነስተኛ በመሆኑ ይመረጣል። ብቻውን የረጅም ጊዜ ምግብ ግን አይሆንም፤ የሚሟሉትን ንጥረ ነገሮች ሐኪም ይንገር። በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት በጾመኛ ቤት ሥጋ ስለማይሠራ ለውሻው እንቁላል ለብቻው ሊቀቀልለት ይገባል። በበዓል የሚታረደውን በግ ጥሬ ጉበትና ሳንባ መስጠት ግን ክልክል ነው፤ በውስጡ የሚገኘው የትል እጭ በውሻው አንጀት ውስጥ ያድግና እንቁላሉ ወደ ቤተሰቡ ይሻገራል።

መዥገር በቆላ ከተማ የእረፍት ወቅት የለውም። ቡናማው የውሻ መዥገር በግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ይራባል፤ በውሻ ላይ ድዱን የሚያነጣ፣ አፍንጫውን የሚያደማ በሽታም ያስተላልፋል። በጆሮና በጣቶች መካከል በየቀኑ ፈልጎ፣ ቆዳው አጠገብ በወረንጦ ይዞ ቀጥ አድርጎ መንቀል ነው፤ ክብሪትና ጋዝ አያስፈልግም። የፓርቮ (ውሻን በኃይለኛ ተቅማጥ የሚገድል የቫይረስ በሽታ) እና የመሳሰሉት ክትባቶች ከ6 እስከ 8 ሳምንት ዕድሜ ይጀመራሉ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ደግሞ በ3 ወሩ ተሰጥቶ በሐኪሙ ቀጠሮ ይደገማል። ከቤት የማይወጣ ነው ተብሎ አይታለፍም። የነከሰው ሰው ካለ ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በውኃ አጥቦ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት።

ጎረቤትም አይረሳም። በድሬዳዋና በሐረር አብዛኞቹ ሙስሊሞች የሻፊዒን መዝሀብ (የእስልምና ሕግ የትምህርት መንገድ) ይከተላሉ፤ በዚህ መዝሀብ የውሻ ምራቅ ነጃሳ፣ ማለትም ርኩስ ነው፣ ምራቁ የነካው ዕቃም ሰባት ጊዜ፣ አንዱን ከአፈር ጋር፣ ይታጠባል። በጋራ ግቢ የሚኖር ሰው ውሻውን በገመድ መያዝ፣ ለሶላት የሚሄድን ሰው እንዳይነካ መጠበቅ፣ የጎረቤት ዕቃ ከታጠበበት ቦታ ማራቅ ይጠበቅበታል። ገመዱ ከአንገት ይልቅ ደረትን የሚይዝ ቢሆን የትንሹን ውሻ ጉሮሮ አይጎዳም።

ሐረር ከድሬዳዋ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ 1,885 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ጸጉራሙ ውሻ ይቀለዋል። ነገር ግን ጅቦች ማታ ማታ እስከ ጀጎል ውስጥ ይዘልቃሉ፤ ጅብ ደግሞ ውሻ ይበላል። ስለዚህ በዚያ ያለው ደንብ አንድ ነው፦ ሲመሽ ውሻው ከቤት ውስጥ፣ በሩም ተዘግቶ።